የመማር ክህሎት፦ ዕድሜ ልክ በውጤታማነት የመማር ችሎታና የሚዳብርበት መንገድ

የመማር ክህሎት ማለት አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ወይም ሙያ ለይቶ፣ ተስማሚውን ዘዴ መርጦ፣ መማር አለመማሩን በራሱ አረጋግጦ፣ የተማረውንም ይዞ እንዲቆይ የሚያስችለው ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ በአንድ የትምህርት ዓይነት የተወሰነ አይደለም። ሒሳብን፣ የውጭ ቋንቋን፣ የብየዳ ሥራን ወይም አዲስ የወጣ አዋጅን ለመማር እኩል ያገለግላል። ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮ ብልህነት ጋር ተደባልቆ ሲታይ ይስተዋላል፤ ይሁን እንጂ እንደማንኛውም ክህሎት በልምምድ የሚገኝና በልምምድ የሚጎለብት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ በዓለም አቀፍ ደረጃ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 በቀድሞው የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር በኤድጋር ፎር የተመራው ኮሚሽን ለዩኔስኮ ባቀረበው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ትምህርት በልጅነት ተጀምሮ በወጣትነት የሚያልቅ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ሙሉ የሚዘልቅ ሂደት መሆኑን አስገንዝቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዣክ ዴሎር የተመራው ኮሚሽን በበኩሉ ማወቅን መማር፣ መሥራትን መማር፣ አብሮ መኖርን መማርና መሆንን መማር የተባሉ አራት ምሰሶዎችን አስቀምጧል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2006 ለዜጎች አስፈላጊ ናቸው ካላቸው ስምንት ቁልፍ ብቃቶች አንዱ «መማርን መማር» እንዲሆን አድርጓል። ዘላቂ የልማት ግቦች ሲጸድቁም አራተኛው ግብ ለሁሉም የዕድሜ ልክ ትምህርት ዕድልን ማስፋፋትን በግልጽ አካቷል። ሰነዶቹ ብዙ ናቸው። ተማሪው ግን ከሰነዶቹ ይልቅ «ታዲያ እንዴት ልማር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ ይህ ጽሑፍም በዋናነት የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ያለው ክብደት ሰፊ ማብራሪያ የሚሻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። የውጤቱ መንስኤዎች በርካታ ናቸው፤ የመምህራን፣ የመጻሕፍት፣ የጸጥታና የኑሮ ሁኔታ ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ የአጠናን ዘዴ ብቻውን መንስኤ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፈተናውን ያላለፈው ወጣት ትምህርቱ በዚያ እንዲያበቃ አልተፈረደበትም። ከዚያ በኋላ የሚማረውን ሙያ፣ ቋንቋ ወይም ቴክኖሎጂ የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ያለ መደበኛ መምህር፣ ከሥራ በተረፈ ጊዜ፣ በራሱ ጥረት ነው። እንዴት እንደሚማር የማያውቅ ከሆነ ያቺኑ የተረፈች ጊዜ ያባክናል።

የተማርን የሚመስለን ጊዜ

በራስ ጥረት ለመማር ትልቁ እንቅፋት ስንፍና ነው የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። ሆኖም በትጋት የሚያጠኑ ሰዎችም የሚሰናከሉበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም «ገብቶኛል» የሚለው ስሜት አስተማማኝ ምስክር አለመሆኑ ነው። አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው በሦስተኛው ጊዜ ቃላቱ አዲስ አይሆኑበትም፤ ንባቡም ይፈጥንለታል። ይህን ቅለት እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። በእርግጥ የተለማመደው ግን ገጹን ሲያይ ማስታወስን እንጂ ገጹ በሌለበት ማስታወስን አይደለም። ፈተናውም፣ የሥራው ቦታም፣ ኑሮውም የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው።

ይህንን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ተሰጧቸው። አንዱን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ካነበቡ በኋላ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበቡ በለጠ፤ 81 በመቶ በ75 በመቶ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። ደግሞ የተነበበው 42 በመቶ፣ ራስን በመፈተን የተጠናው 56 በመቶ ታወሰ። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ክፍል ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች የበለጠ እንደሚያስታውሱ ገምተው ነበር። በልበ ሙሉነት የቀደሙት በውጤት ኋላ ቀሩ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ጉዳይ የጊዜ አከፋፈል ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ የተጠናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ ለክቷል። በዚያው ሥራው በአንድ ቀን በተከታታይ የተደረገ 68 ድግግሞሽ ያስገኘውን ውጤት፣ በሦስት ቀናት ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ድግግሞሽ እንዳስገኘ አሳይቷል። ጥቅሙ ይህን ያህል ነው።

በሥራ ላይ ካሉ ሰዎች የተገኘ ማስረጃም አለ። በብሪታንያ የፖስታ ሠራተኞች የፊደል ሰሌዳ አጠቃቀም በሚሠለጥኑበት ወቅት አለን ባድሌይና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ቡድን ከፍለው አጥንተዋቸው ነበር፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አንዳንዶቹ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሌሎቹ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ሠለጠኑ። በቀን አንድ ሰዓት የሠለጠኑት ብዙ ቀናት ቢወስድባቸውም፣ በጠቅላላ ሰዓት ሲታሰብ ባነሰ ልምምድ ክህሎቱን ያዙ። በሥልጠናው አደረጃጀት ያነሰ እርካታ የነበራቸው ግን እነርሱው ነበሩ። ከሌሎች ጋር በቀናት ሲተያዩ የዘገዩ መስሏቸው ነበርና። ሥልጠና የሚያዘጋጅ ማንኛውም ኃላፊ ይህን ጥናት ቢያስታውስ መልካም ነው፤ የሠልጣኞች የእርካታ መጠይቅ የሚለካው እርካታን እንጂ መማርን አይደለምና።

ስለ ሽምደዳ

በአገራችን ስለ አጠናን ሲነሳ ቀድሞ የሚወቀሰው ሽምደዳ ነው። ወቀሳው በአብዛኛው ተገቢ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ደብተር መደጋገም አንድ ነገር ነው፤ የያዙትን በየዕለቱ ሳያዩ ለሌላ ሰው ማሰማት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸውን የመርሳት ዕጣ አያመልጥም። ሁለተኛው በጥናት የተደገፈ ጠንካራ ዘዴ ሲሆን በአገራችን የቆዩ የትምህርት ተቋማት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው።

በቁርኣን ቤቶች ተማሪው የዕለት ትምህርቱን በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ካሰማ በኋላ ሉሁ ታጥቦ ለቀጣዩ ትምህርት ይዘጋጃል። ሉሁ የሚታጠበው ተማሪው ስላነበበ ሳይሆን ስላሰማ መሆኑን ልብ ይሏል። በቅኔ ቤት ያለው ሥርዓት ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ተማሪው ከሰው ራቅ ብሎ በራሱ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም በዚያው ያርሙለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ በየዕለቱ አዲስ ነገር መፍጠር ይጠበቅበታል እንጂ የትናንቱን መድገም አይበቃውም። ራስን መፈተን፣ ፈጣን እርማት፣ ቀስ በቀስ የሚከብድ ልምምድ፤ ዛሬ በትምህርት ሳይንስ መጻሕፍት በየምዕራፉ የሚገኙት መርሆች በዚህ ሥርዓት ውስጥ በአንድነት ተሰናስለው ይገኛሉ።

ይህ ሲባል የቀድሞው ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። ሕፃኑ የማይሰማውን ቋንቋ ለዓመታት እንዲያነበንብ ይገደድ ነበር፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። ከሥርዓቱ ልንወስደው የሚገባው አለንጋውን ሳይሆን ማሰማቱን ነው።

በተግባር እንዴት ይሠራበታል?

ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ሆና እየሠራች ማታ የምትማር አንዲት እናት እንውሰድ። ልጆቿ ከተኙ በኋላ ያላት ጊዜ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። የተለመደው መንገድ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በቀለም ማስመር ነው። የተሻለው መንገድ ምዕራፉን አንድ ጊዜ በጥሞና ማንበብ፣ መጽሐፉን መዝጋት፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ሁሉ በራሷ አነጋገር መጻፍ፣ ከዚያም መጽሐፉን ከፍታ የጎደለውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም ማረም ነው። ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሲቀር ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል። ነገር ግን ባዶው ቦታ ራሱ በቀጣዩ ምሽት የቱን ማንበብ እንዳለባት ይነግራታል፤ ምዕራፉን ሙሉ መድገም አያስፈልጋትም። ይህንኑ ከሁለት ቀን፣ ከአንድ ሳምንት፣ ከዚያም ከአንድ ወር በኋላ መድገም በቂ ነው። በየመካከሉ መጠነኛ መርሳት መኖሩ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ተረስቶ ሊጠፋ ሲል በጥረት የታወሰ ነገር ይበልጥ ሥር ይሰዳል።

ሒሳብና መሰል ትምህርቶችን በሚመለከት ሊጨመር የሚገባው ጥያቄዎችን አቀላቅሎ መለማመድ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ርእስ ቀጥሎ የዚያኑ ርእስ መልመጃ ይደረድራሉ፤ ተማሪው የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ሳያስብ ሃያውን ጥያቄ በአንድ መንገድ ይሠራል። በፈተና ላይ ግን ጥያቄው «እኔ የእገሌ ምዕራፍ ነኝ» ብሎ አይመጣም። ስለሆነም ካለፉት ምዕራፎች ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ መሥራት ቢያዘገይም ቀመር የመምረጥ ችሎታን ያዳብራል። በጋራዥ የሚሠራ ረዳት ብልሽትን ለይቶ የማወቅ ችሎታው የሚፈጥነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንድ ቀን የፍሬን፣ የባትሪና የሞተር ችግር ያለባቸው መኪኖች በየተራ ይገቡለታል።

እግረ መንገዱን ሊታወቅ የሚገባው፣ በእንዲህ ዓይነት መንገድ ሙያ የያዙ ሰዎች የትምህርት ቤት ወረቀት ባይኖራቸውም በሙያ ብቃት ምዘና ማዕከላት ተመዝነው የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት የሚችሉበት አሠራር መኖሩ ነው። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሰው የት እንደተማረ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል መመዘንን መርሁ ያደረገ ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶችን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጨምሮ በርካታ ትምህርቶች ዛሬ በስልክ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ዕድሉ ቀድሞ ያልነበረ ነው። ሆኖም ጎበዝ መምህር በቪዲዮ ሲያስረዳ ማየት ከላይ የተገለጸውን «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ከመጽሐፍም በበለጠ ይፈጥራል፤ የመምህሩ ቅልጥፍና የተመልካቹ መስሎ ይታያል። ቪዲዮውን በየአምስት ደቂቃው አቁሞ የታየውን ሳይመለከቱ መሥራት፣ ሳይሠራ ሲቀርም ስሕተቱን ራስ ፈልጎ ለማግኘት መሞከር ያስፈልጋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ከራስ ሙከራ በኋላ ሲጠየቁ እንደ መምህር ያርማሉ፤ ከሙከራ በፊት ሲጠየቁ ግን ልምምዱን ከተማሪው ይወስዱበታል።

የዕድሜ ጉዳይ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ብሂል በትምህርት ላይ ሲነገር ብዙ ጎልማሶችን ከደጅ መልሷል። ዕድሜ ሲገፋ አዲስ ነገርን የመቀበል ፍጥነት መቀነሱ እውነት ነው። በአንጻሩ የቃላት ሀብትና የተከማቸ ዕውቀት እስከ እርጅና ዘመን ይዘልቃሉ፤ አዲሱ ዕውቀት የሚንጠለጠልበት አሮጌ ዕውቀት ያለው ሰው ደግሞ ከባዶ አይነሣም። በለንደን የታክሲ ሾፌርነት ፈቃድ ለማግኘት በከተማዋ መሐል የሚገኙ 25 ሺህ ያህል መንገዶችን በቃል ማወቅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ካትሪን ዉሌትና ኤሌኖር ማጓየር ባሳተሙት ጥናት ዝግጅት ላይ የነበሩ 79 ጎልማሶች ከመጀመራቸው በፊትና ከሦስት እስከ አራት ዓመት በኋላ የአንጎል ምስላቸው ተነሥቷል። ፈቃዱን ባገኙት 39 ሰዎች ላይ ለአካባቢ ትውስታ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ጭማሪ ታይቷል፤ ባላገኙት ላይ አልታየም። የጎልማሳ አንጎል በትምህርት የሚለወጥ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ከአንጎል ይልቅ ጎልማሳውን የሚገታው ኀፍረት ነው። ከልጁ እኩያ ጋር መቀመጥ፣ በሰው ፊት መሳሳት፣ «ይህንንም አያውቅም» መባል ከባድ ነው። በመሆኑም ጎልማሶችን የሚያስተምሩ አመቻቾች ከይዘቱ አስቀድመው ስሕተት የማያስቀጣበትንና የማያስቅበትን ሁኔታ ማመቻቸት አለባቸው። ለአንድ አባት «እርስዎ ይህን በእርሻ ላይ እንዴት ነው የሚያሰሉት?» ብሎ መጀመር «ማባዛት ማለት» ብሎ ከመጀመር ይሻላል።

መሥሪያ ቤቶችና ሥልጠና

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጡ ሥልጠናዎች በአብዛኛው በአዳራሽ ተጀምረው በሦስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቃሉ። በዜናና በሪፖርት ላይ የሚሰፍረውም የተሳታፊዎች ብዛትና የተሸፈኑት ርእሶች ነው። ከሦስት ወር በኋላ ከሠልጣኞቹ ስንቶቹ አዲሱን አሠራር በሥራ ላይ እንዳዋሉ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከላይ የቀረቡት ማስረጃዎች ትክክል ከሆኑ ሦስቱን ቀናት በሦስት ተከታታይ ሳምንታት መደልደል፣ በየመካከሉ ሠልጣኙ በራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ተግባር መስጠት፣ በቀጣዩ ቀንም ሥልጠናውን በአዲስ ስላይድ ሳይሆን ያለፈውን በማስታወስ ጥያቄ መጀመር ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ውጤቱን ያሻሽላል። ሠልጣኞች ከክልል የሚመጡ ከሆነ ይህ አይመችም። በዚህ ጊዜ ቢያንስ ከሁለት ሳምንትና ከሁለት ወር በኋላ በስልክ ወይም በቴሌግራም የሚላኩ አጫጭር ጥያቄዎች ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ።

ማንበብ ከቻሉ በኋላ

የመማር ክህሎት መጓደል ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ማንበብና መጻፍ በጎልማሳነት በተማሩ ወገኖች ላይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ያዳረሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን ምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ ውለው አድረው ወደ መሃይምነት ተመልሰዋል። ምክንያቱ የማሰብ ችሎታ ማነስ አልነበረም። በየገጠሩ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ያልተጠሩ ፊደላት ደግሞ ይረሳሉ። ዛሬ በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሁለት ዓመቱን ቆይታ የሚያጠናቅቁ ወገኖችም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የግድ ቤተ መጻሕፍት መገንባት ብቻ አይደለም፤ ቢገነባ ይመረጣል። በየሳምንቱ በኑሮ ምክንያት ግድ የሚሆን ንባብና ጽሕፈት መኖሩ ይበልጣል። በቴሌብር ገንዘብ ሲላክ የሚመጣውን መልእክት ልጅ እንዲያነብላቸው ከመስጠት ይልቅ ራሳቸው አንብበው ልጁ እንዲያረጋግጥላቸው ማድረግ፣ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ መመሪያን ለጎረቤት ማንበብ፣ የቁጠባ ማኅበር ደብተርን ራስ መሙላት ለዚህ ያገለግላሉ። በዕድር ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን አዲስ ማንበብ የቻሉ አባላት በየተራ ስም እንዲጠሩና የከፈሉትን በመዝገቡ ላይ እንዲያመለክቱ ማድረግ ይቻላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መዝገቡ ለአንድ ሰዓት ከጸሐፊው እጅ እንዲወጣ መፍቀድን፣ ስም ሲነበብ የሚወስደውንም ጊዜ አባላቱ በትዕግሥት መጠበቃቸውን ነው።